ከቱቦው በታች

ድንጋይ በእግር መቀስቀስም ትምህርት ነው ስል የሚስቁብኝ ወላጆች ነበሩ። ልጆቻቸው ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ያዩና፣ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እንዴት ጭቃ ያቦካል ይላሉ። እኔ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ በዚያ ወንዝ እተማመን ነበር። አንዱ ልጅ መረቡን ከታች ይዞ ይቆማል፤ ሌላው ከፊቱ ሆኖ ድንጋዮቹን በእግሩ ያገላብጣል፤ ከድንጋዩ ሥር የተነቀለው ነፍሳት ሁሉ በውሃው ተገፍቶ መረቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ነጭ ትሪ ላይ ይገለበጥና በማንኪያ ይለያል። ማንኪያውን ከቤታቸው የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ እናቶቻቸው ይህንንም አልወደዱትም።

ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት የውሃውን ጤንነት ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ንጹሕ ውሃ ካላገኙ አይኖሩም፤ አንዳንዶቹ ምንም ቢመጣባቸው ግድ የላቸውም። ትክክለኛ ስማቸውን ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸው ነበር፤ ልጆቹ ግን የራሳቸውን አወጡላቸው። በጠፍጣፋ ገላው ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው «ባለ ሦስት ጭራ» ተባለ። የአሸዋ ቅንጣት እያጣበቀ ገላውን የሚከትበት ቤት የሚሠራውና ቤቱን እየጎተተ የሚሄደው «ቤት ተሸካሚ» ሆነ። ጭቃ ውስጥ የሚተራመሰውን ደግሞ በአጭሩ «ቀዩ ትል» አሉት። ባለ ሦስት ጭራና ቤት ተሸካሚ የሚገኙበት ውሃ ደህና ነው፤ ቀዩ ትል ብቻውን የቀረበት ውሃ ታሟል።

ሦስት ቦታ መድቤ ነበር። አንደኛው ከላይ፣ ድንጋያማው ጋ፤ ሁለተኛው ድልድዩ ሥር፤ ሦስተኛው የጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ፍሳሽ ከሚወጣበት ቱቦ በታች። ሦስተኛውን ቦታ ማንም አልፈለገውም፤ ይሸታል። እጇን ያወጣችው ሚጡ ብቻ ነበረች። ከክፍሉ ሁሉ አጭር ስለሆነች ነው ሚጡ የሚሏት፤ ስሟን ከመምህራን በቀር የሚጠራው የለም።

አባቷ እዚያው ማቅለሚያ ቤት የፍሳሽ ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ይባል እንጂ በሥሩ የሚያዘው አንድ የብረት መዘውር ብቻ ነው። የቀለሙ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ አድሮ፣ ዝቃጩ ከረጋ በኋላ፣ ከላይ የጠለለው እንዲለቀቅ ነው ደንቡ፤ መዘውሩን የሚያዞረው እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ከታች ያሉት አትክልተኞች ተሰብስበው መጥተው ጮኸው ነበር። ያን ጊዜ ባለ ፋብሪካው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ሌላ አቤቱታ ከመጣ የምትሄደው አንተ ነህ አለው። የሚጡ ቤተሰብ የሚኖረው ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

«ቲቸር! ቲቸር፣ ይምጡ!»

የመጀመሪያው ቡድን ትሪ ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። ጩኸቱ ከታች፣ ከሦስተኛው ቦታ ነው የመጣው። ስደርስ ልጆቹ ትሪውን ከበው ይዘላሉ።

«ባለ ሦስት ጭራ አለ! ቤት ተሸካሚም አለ!»

«ድኗል! ወንዙ ድኗል!»

አየሁ። እውነትም ነበሩ። ባለ ሦስት ጭራዎቹ ግን በጎናቸው ያሉትን ላባ የሚመስሉ መተንፈሻዎች እንደ እብድ ያራግባሉ፤ ሁለቱ በጎናቸው ወድቀዋል። ሚጡ ልጆቹን አታይም፤ ዓይኗ ትሪው ላይ ነው። ደስ ያላትም አትመስልም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ጠበቃው። ጠበቃው የሚባለው ከማንም ጋር በማንኛውም ነገር ስለሚከራከር ነው፤ አንድ ጊዜ ከደወሉ ጋር ተከራክሯል። «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ጥያቄ አጥተህ ታውቃለህ» አለችው አንዷ።

«ይሄ ቤት ተሸካሚ ቤቱን በምን ሠራው?»

«በአሸዋ ነዋ፣ ደንቆሮ!»

«በነጭ አሸዋ። እሺ፤ እዚህ ጋ አንዲት ነጭ አሸዋ አሳዩኝ።»

ሁሉም ወደ እግራቸው አዩ። ቦቲያቸው የቆመበት ጭቃ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው፤ በእግር ሲነካ የዘይት ቀለም እየሠራ ይፈስሳል።

«ተከራይቶ ገብቶ ይሆናል» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቁ።

ጠበቃው አልሳቀም። ወደ ሚጡ ዞረ። አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ ለዛሬ በቃ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንደግመዋለን አልኳቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ገና አልታየም አልኩ። ይህ እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን ያልኩት ልጅቷን ከዓይናቸው ለማውጣት ነበር።

ትሪዎቹን ስናጥብ ሚጡን አስቀረኋት። የሳይንስ ክፍሉ ቧንቧ የምትለቀው ውሃ ቀጭን ነው።

«ጠዋት ከላይኛው ቦታ ነው ያመጣሻቸው?» አልኳት።

«በጆግ። አልዋሸሁም ቲቸር። አዛወርኳቸው እንጂ። እዚያ ሲደርሱ ደህና ነበሩ።»

«አሁንስ?»

ትሪውን አየችው። «እንደዚህ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ትንሽ ይችሉታል ብዬ ነው። ሰው እስኪያያቸው ድረስ።»

ባለቤቴ ታሞ በተኛበት ጊዜ ደህና ደህናውን ብቻ የሚነግሩኝ ሰዎች ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አዝነውልኝ ነው። እኔም ጊዜ ያለን መስሎኝ ልጠይቀው የሚገባኝን ሳልጠይቀው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በአዘኔታ የሚነገር ውሸት አልወድም። ከዚህ በላይ ስለዚህ ጉዳይ የምለው የለኝም።

«ያየነውን ነው የምናሳየው» አልኳት። «ያመጣነውን አይደለም።»

«አባቴስ?»

ትሪውን ተቀብያት አጠብኩ።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ረጅም ሰው ነው፤ ሚጡ አጭርነቷን ከማን እንዳመጣችው እንጃ። እጆቹ እስከ ክርን ሰማያዊ ናቸው።

«እጅ አልሰጥዎትም፤ ክንዴን ይንኩት» አለ። ክንዱንም አየና «እሱም ያው ነው» ብሎ ተወው። «ልጄ ሌባ ሆነች አሉኝ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«የትል ሌባ! በዘራችን የለም እኮ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «በወላጆች ቀን ታሳያላችሁ አሉ። ባለ ፋብሪካው ጋሼ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ዞረው ያያሉ። ሦስተኛውን ትሪ ባያወጡትስ? ሁለት ትሪ ምን ያንሰዋል?»

«ልጆቹ ሦስት ቦታ እንደሄዱ ያውቃሉ። እንዴት ብዬ ነው የማስተምራቸው?»

አልተቆጣም። ግድግዳውን ተደገፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ልንገርዎት፤ ከእርስዎ አይውጣ። ውሃው እንዲያድር ነው ደንቡ። አያድርም። ጉድጓዱ ሳይረጋ ሌላ በርሜል ይደፋበታል። ልቀቀው እባላለሁ፤ እለቀዋለሁ።»

«ማን ነው የሚልዎት?»

«ጋሼ ራሳቸው ናቸዋ። ታዲያ በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ አይደለም። በመስኮት ብቅ ብለው በእጃቸው እንዲህ ያደርጋሉ።» መዳፉን አየር ላይ አንድ ጊዜ ገፋ አደረገ።

«ለምን አይናገሩም?»

«ምን ብዬ? እጃቸውን አወዛወዙ ብዬ? ዝንብ ላባርር ነው ቢሉስ?» አሁን ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ፤ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ቀረ። «ከእርስዎ አይውጣ፣ እህቴ።»

«አይወጣም» አልኩት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረድን። ሦስተኛው ቦታ ላይ ራሴ አጠገባቸው ቆምኩ። መረቡ ወጣ፤ ትሪው ላይ ተገለበጠ። ጭቃው ሲረጋ ቀዩ ትል ብቻ ታየ፤ እንደ ተፈታ ክር እየተጠማዘዘ።

«ሚጡ፣ እንግዶችሽ ሳይሰናበቱሽ ሄዱ እንዴ?» አለ ጠበቃው።

አንዳንዶቹ መሳቅ ጀመሩ።

«ሞቱ» አለች ሚጡ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ጠበቃው ያን ዕለት ከማንም ጋር አልተከራከረም፤ መረቡን ራሱ አጠበና ራሱ ተሸክሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት አስቤበት ነው። ባለ ፋብሪካው ትሪውን በወላጆች ቀን በድንገት ከሚያየው ቀድሜ ብቻውን ብነግረው፣ ሰው ፊት ሳያፍር ነገሩን ያስተካክለዋል፣ በማንም ላይ አቤቱታ ሳይሆን ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲከበር ይታረማል ብዬ አምን ነበር። ሄድኩ።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። ከጀርባው ያለው መስኮት ወደ ግቢው ያሳያል፤ ከተቀመጥኩበት ሆኜ ጉድጓዱንና መዘውሩን አየኋቸው።

«ባለቤትዎን አውቃቸው ነበር» አለ። «የረጉ ሰው ነበሩ። ነገር አያካብዱም።»

ሻዩን አልነካሁትም። ልጆቹ ያዩትን ነገርኩት። ከቱቦው በላይ ወንዙ ጤነኛ እንደሆነ፣ ከቱቦው በታች እንደሞተ፣ የቀለሙ ውሃ ሳያድር ስለሚለቀቅ እንደሆነ፣ ቢያድር ግን ወንዙ ቀስ በቀስ ሊያገግም እንደሚችል።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ሳያድር ይለቀቃል ብለው ማን ነገረዎት?»

በጥያቄው ደነገጥኩ። ውሃው ራሱ ይናገራል ብል ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጨመረበት፤ «ሠራተኛዬ ነው የነገረዎት?»

አዎ ብል ሰውየው ወሬ አውጪ ተብሎ ይባረራል። ከእኔ አይወጣም ብዬዋለሁ።

«እሱ ምንም አልነገረኝም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምንም አልነገረኝም።»

ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «ጥሩ። እኔ ይደር ብዬ አዝዣለሁ። እሱ ሳያድር ይለቀዋል፤ ለእርስዎም ቢሆን ምክንያት አልሰጠም። ሰነፍ ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን እንለዋለን? ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ።»

እርስዎ ነዎት እኮ በመስኮቱ የሚያዙት ልለው ነበር። ያንን ካልኩ ግን ከማን እንደሰማሁት ያው ታወቀ፤ ከዚህም በላይ ውሸቴ ተገለጠ። በሩ ድረስ ሸኘኝ። ደረጃው ላይ ሌላ ሻይ ይዛ የምትወጣ ሴት አገኘችኝ፤ ለካ ለራሱም አዝዞ ኖሯል።

የሚጡን አባት ወዲያው አሰናበቱት። ክፍሏን እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅ ተባለ።

ሚጡ የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ስላት አልገባችም።

«ለጋሼ ምን አሏቸው?»

ነገርኳት። አንድም አላስቀረሁም።

«አባቴ ነግሮዎት ነበር እኮ።»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ዋሹ።»

«ለአባትሽ ብዬ ነው።»

«እኔም» አለች። ቦርሳዋን አስተካክላ ሄደች።

ያን ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳስተማርኩ አላውቅም። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ሳልነግረው በአገጩ አመለከተኝ። አባቷ ከግድግዳው ላይ መደርደሪያ እየነቀለ ነበር፤ እናቷ ሳህን በጨርቅ ትጠቀልላለች። እናቷ ሰላምታዬን መለሰች፤ ይቀመጡ ግን አላለችኝም። ልክ ነበረች።

«ከእኔ አይወጣም ያልኩዎትን ቃል ይመልሱልኝ» አልኩት። «በወላጆች ቀን ልናገረው።»

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «አሁንማ ይናገሩት። የሚቀረኝ ነገር ይኼ መደርደሪያ ነው፤ እሱም ትል በልቶታል።»

«ዛሬም ትቀልዳለህ!» አለችው ሚስቱ።

«ላልቅስ እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ። «ግን ልጄ ባለችበት ይሁን። ትስማው።»

በወላጆች ቀን ሦስቱን ትሪዎች በተርታ አስቀመጥን። ሚጡን የመጀመሪያው ትሪ ጋ መድቤያት ነበር፤ እዚያ ማንም ክፉ አይጠይቃትም ብዬ። ሳላያት ቦታ ተቀያይራለች። ጠበቃው ከላይኛው ትሪ ጋ ቆሟል፤ እሷ ከቀዩ ትል ጀርባ። አባቷ ከኋላ፣ ከቆሙት ወላጆች መካከል ነበር። እጆቹን ኪሱ ከትቷቸዋል።

ባለ ፋብሪካው ከርዕሰ መምህራችን ጋር እየዞረ መጣ። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ልጆቹን ያመሰግናል፣ ራሳቸውን ይደባብሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ሦስተኛውን ትሪ አየና ወደ ወላጆቹ ዞረ።

«ጎበዞች ናቸው! ይኼ በእኛ በኩል የነበረ ጉድለት ነው፤ አልክድም። ጥፋተኛውን አግኝተን እርምጃ ወስደናል። ልጆቻችሁ ናቸው ያጋለጡት።»

አጨበጨቡ። ሚጡ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አንድ ነገር ላስተካክል» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እስካሁን እገረማለሁ። «ቢሮዎ መጥቼ ሠራተኛው ምንም አልነገረኝም ብዬዎት ነበር። ውሸት ነው። ነግሮኛል። ውሃው ሳያድር እንዲለቀቅ የሚያዙት እርስዎ ነዎት፤ በመስኮት ሆነው፣ በእጅዎ።»

ጭብጨባው እንዳልነበረ ሆነ።

«በእጄ?» አለ። እጁን አንሥቶ ለራሱ አየው፤ ለወላጆቹም አሳያቸው። አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ ሁሉም በሚሰማው ለስላሳ ድምፅ፣ «መምህርት፣ ሐዘን ሰውን ያደክማል። ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽ ቢያርፉ ጥሩ ነው» አለ።

ወላጆቹ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሡ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያዝንልኝ ከባለቤቴ ቀብር ቀን ወዲህ አላየሁም። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ።

«እሳቸው አልደከሙም» አለ ድምፅ ከኋላ። አባቷ ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። «የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ልቀቀው ሲሉኝ የለቀቅሁትም እኔ ነኝ። ሁለታችንም ነን፣ ጋሼ።»

ማንም አላጨበጨበም። ባለ ፋብሪካው ለርዕሰ መምህሩ በጆሮው አንድ ነገር ነገረውና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ፤ እዚያ ስድስተኛ ክፍሎች በጣሳ ያበቀሉትን ባቄላ ይዘው ይጠብቁት ነበር። ባቄላውንም አደነቀ።

ከወላጆቹ ብዙዎቹ ተከትለውት ሄዱ። አንዲት አትክልተኛ ግን ቀረች። ጎንበስ ብላ ትሪውን አየች።

«ይኼ ነው ወደ እኛ የሚወርደው?» አለቻት ሚጡን።

«አዎ።»

«አትክልት የማጠጣበት?»

«አዎ» አለች ሚጡ። ማጉያ መነጽሩን ሰጠቻትና እንዴት እንደሚያዝ አሳየቻት።

ሥራው አልተመለሰም። እኔም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠርቼ፣ ተማሪዎችን ወደ ወንዝ ከመውሰዴ በፊት ፈቃድ መጠየቅ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ቱቦው አንዳንድ ቀን ጠልሎ ይፈስሳል፤ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ ነው። አትክልተኞቹ ሊሰበሰቡ ነው ይባላል፤ ሲሰበሰቡ ገና አላየሁም።

ቤታቸውን የለቀቁት ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ዕቃ ሊያግዙ መጡ። ጠበቃው ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ፣ በየትኛው በኩል ጋሪው ላይ መጫን እንዳለበት ከባለ ጋሪው ጋር ይከራከራል። እኔ ሳህኖቹን ተሸከምኩ። እናቷ አንድ በአንድ አቀበለችኝ።

ሚጡ ጋሪው ጎን ቆማ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከአዲሱ ሰፈር ስለሚርቅ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት እንደምትገባ አውቄያለሁ።

«እዚያ ወንዝ አለ?» አልኳት፤ ሌላ የምላት ስላጣሁ።

«የለም።»

«ቦይ አለ» አለ አባቷ ገመዱን እያጠበቀ። «አደራሽን ግን፣ እሱን እንኳ ተዪልን።»

ልጆቹ ሳቁ። እናቷም ፊቷን ዞር አድርጋ ሳቀች። ሚጡ አልሳቀችም። ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልትጠይቀኝ የፈለገችው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ጠበቅኳት። ጋሪው ሲንቀሳቀስ መደርደሪያው እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ደግፋ አብራው መሄድ ጀመረች፤ መታጠፊያው ጋ እስኪደርሱ ድረስ እጇን ከመደርደሪያው ላይ አላነሣችም።